ሰዋስው መሰላል ነው፤ ስለ ዕውቀት ልክና ስለ ራስ ምስክርነት

ሰው ከሚመዝናቸው ነገሮች ሁሉ ለመመዘን እጅግ የሚያስቸግረው የገዛ ዕውቀቱ ነው። እህል በሚዛን፣ ጨርቅ በክንድ፣ መሬት በገመድ ይለካል፤ ለኪውም ከሚለካው ነገር ውጭ ቆሞ ይለካል። ዕውቀታችንን ለመለካት በተነሣን ጊዜ ግን ሚዛኑም፣ የሚመዘነውም፣ መዛኙም አንድ ሆነው ይገኛሉ። የጎደለንን ለማየት የሚያስፈልገን ዓይን ያው የጎደለን ዕውቀት ነውና። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚለው ተረት ለዕውቀትም ይሠራል፤ ያልደረስንበት ነገር አይናፍቀንም፤ መጉደሉም አይታወቀንም።

እንግዲህ ሰው የዕውቀቱን ልክ በራሱ ሊያውቅ ይችላልን? ሊያውቅ ባይችልስ፣ ስለ ራሱ በሚሰጠው ምስክርነት ይጠየቅበታልን? ይህን ጥያቄ በባዶው ከመመርመር በአንድ በታወቀ ነገር ላይ አሳርፎ መመልከት ይሻላል። ስለዚህ የጃፓንን ቋንቋ የሚማር ሰው የሰዋስው ደረጃውን በምን እንደሚመዝን እንመርምር።

ምሳሌውን ከጃፓን መውሰዳችን ያለ ምክንያት አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ወደዚያች አገር ተልከው ከተመለሱና «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን ካሳተሙ ወዲህ፣ ጃፓን በተማረው ኢትዮጵያዊ ሐሳብ ውስጥ ሥፍራ ያላት አገር ሆናለች። ዛሬም «ካይዘን» የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤቶቻችንና በፋብሪካዎቻችን ይነገራል፤ ወደዚያ ለትምህርት የሚሄዱ ወጣቶችም አሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ የጃፓን ቋንቋ በአንዳንድ ነገሩ ከአማርኛ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሰው ራሱን በራሱ የሚያታልልበትን መንገድ በግልጽ ያሳየናል።

«ሰዋስው» የሚለው የግዕዝ ቃል ሁለት ፍች አለው። አንዱ የቋንቋ ሥርዓት ነው፤ ሌላው መሰላል ነው። ይህን ስም ያወረሱን ሊቃውንት ለተማሪው ጥሩ ምሳሌ ትተውለታል። በመሰላል የሚወጣ ሰው ያለፈውን እርከን ሊቈጥር ይችላል፤ የቀረውን ግን በቅጡ አያየውም። ደግሞም አንዳንዱ እርከን ከታች ሲያዩት ጠንካራ መስሎ፣ ሲረግጡት የሚሰበር ነው።

ለጃፓንኛ ተማሪ የመሰላሉን እርከን ቈጥሮ የሚሰጥ አንድ የታወቀ ፈተና አለ። ይህ የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና እ.ኤ.አ. በ1984 ሲጀመር የተፈታኞቹ ቍጥር በዓለም ሁሉ 7,000 ያህል ነበረ። እስከ 2009 ድረስ ደረጃዎቹ አራት ነበሩ፤ ከ2010 ወዲህ አምስት ሆነው፣ ዝቅተኛው ኤን 5፣ ከፍተኛው ኤን 1 ይባላል። ሰዋስው የሚጠየቀው በሦስት ዓይነት ነው። በመጀመሪያ፣ ለዓረፍተ ነገሩ ተስማሚ የሆነውን ቅርጽ ከአራት አማራጭ መምረጥ ነው። ሁለተኛ፣ የተበታተኑ አራት የዓረፍተ ነገር ክፍሎችን በቦታቸው አሰልፎ በኮከብ ምልክቱ ቦታ የሚውለውን ማመልከት ነው። ሦስተኛ፣ በአንድ ሙሉ ጽሑፍ ውስጥ ለክፍት ቦታዎቹ ሐሳቡን ጠብቀው የሚገቡትን ቃላት መለየት ነው።

ይህ ሚዛን የተከበረ ሚዛን ነው። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ሚዛን የሚመዝነው ነገር አለ፤ የማይመዝነውም ነገር አለ። ይህ ፈተና ተማሪውን አያናግረውም፤ ደብዳቤም አያጽፈውም። ማንበቡን፣ መስማቱንና ከቀረቡለት መልሶች ትክክለኛውን ለይቶ ማወቁን ይመዝናል። ከአራት አማራጭ አንዱን በዘፈቀደ የሚነካ ሰውም ከአራት ጥያቄ አንዱን ያህል ሊያገኝ ይችላል። ከፍተኛውን ደረጃ ለማለፍ ከ180 ነጥብ 100 ማግኘት ይበቃል፤ በየክፍሉም ከ60 ከ19 አለማነስ ግዴታ ነው። ነጥቡ የፈተናዎቹ ክብደት እንዲተካከል በስሌት የሚወጣ እንጂ የትክክለኛ መልሶች ቍጥር አይደለም። ቢሆንም ያለፈ ሰው ሁሉ ቋንቋውን ጨርሶታል እንደማይባል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ለየደረጃው ምን ያህል የሰዋስው ቅርጽ እንደሚያስፈልግ የሚዘረዝር ይፋ መዝገብ አዘጋጆቹ ከ2010 ወዲህ አያሳትሙም። በገበያ የሚገኙት መጻሕፍት ይህ ቅርጽ የኤን 3 ነው፣ ያ የኤን 2 ነው እያሉ የሚከፋፍሉት በደራሲዎቻቸው ግምት ነው። ስለዚህ «የዚህን ደረጃ ሰዋስው ጨርሻለሁ» የሚል ተማሪ በእውነቱ የጨረሰው አንድ መጽሐፍ ነው። መጽሐፍን መጨረስና ቋንቋን መጨረስ ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

እንዲያውም ሰዋስውን ጨርሶ የሚያውቅ ማን ነው? ጃፓኖች ራሳቸው በ«ዋ» እና በ«ጋ» ጉዳይ ሲከራከሩ ኖረዋል። እነዚህ ሁለት ትንንሽ ቃላት በስም ኋላ እየተቀጠሉ፣ አንደኛው የሚነገርለትን ነገር፣ ሁለተኛው አድራጊውን ያመለክታሉ ይባላል፤ ነገሩ ግን በዚህ የሚያልቅ አይደለም። ሚካሚ አኪራ የተባለ የሒሳብ መምህር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው በታወቀው የሰዋስው መጽሐፉ «ዞ ዋ ሀና ጋ ናጋይ»፣ ማለት «ዝሆን ኩምቢው ረጅም ነው» የሚለውን አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ርእስ አድርጎ፣ ከኤሮጳ ሰዋስው የተወረሰው የባለቤት ሐሳብ ለጃፓንኛ አይስማማም ሲል ተከራክሯል። የአገሩ ሊቃውንት በሚከራከሩበት ነገር ላይ የውጭ አገር ተማሪ በሁለት ዓመት ጥናት «ገብቶኛል» ቢል፣ የገባው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል።

ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ልዩ ፈተና አለብን፤ እርሱም የመመሳሰል ፈተና ነው። ጃፓንኛ እንደ አማርኛ ግሡን ወደ መጨረሻ ያደርሳል። እኛ «መስኮቱን ከፈተ» እና «መስኮቱ ተከፈተ» ብለን እንደምንለይ፣ ጃፓኖችም «ማዶ ኦ አኬሩ» እና «ማዶ ጋ አኩ» ብለው ይለያሉ። በዚህ ጊዜ ኢትዮጵያዊው ተማሪ ከሌሎች ተማሪዎች ቀድሞ ይገባዋል፤ መምህሩም ያመሰግኑታል። ነገር ግን ከዚያው ቀጥሎ «ኢኪማሺታ» የሚለው አንድ ቃል ሄድሁ፣ ሄድህ፣ ሄደ፣ ሄደች፣ ሄዱ ተብሎ ሊተረጐም እንደሚችል ይማራል። በእኛ ግሥ ላይ ተለጥፎ የሚኖረው ባለቤት በእነርሱ ግሥ ላይ የለም። መስጠትንም ቢሆን እኔ ወይም የእኔ ወገን ለሌላው ሲሰጥ «አጌሩ»፣ ሌላው ለእኔ ወይም ለወገኔ ሲሰጥ «ኩሬሩ» እያሉ በሁለት ግሥ ይለዩታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው የአክብሮት ንግግር ነው። እኛ «አንተ» እና «እርስዎ»፣ «በላ» እና «በሉ» እያልን ማደጋችን ጃፓንኛን የሚያቀልልን ይመስለናል። እውነት ነው፤ እነርሱም ተራውን መብላት «ታቤሩ»፣ የተከበረውን ሰው መብላት «መሺያጋሩ» ይሉታል። ነገር ግን ተናጋሪው ራሱን ዝቅ የሚያደርግበት «ኢታዳኩ» የሚባል ሌላ ግሥ አላቸው። ከሌላ መሥሪያ ቤት ሰው ስልክ ደውሎ ስለ አለቃችን ቢጠይቀን፣ እኛ «አልገቡም» ብለን አክብረን እንመልሳለን። በጃፓን ግን ለውጭ ሰው ሲናገሩ የገዛ አለቃ እንደ ራስ ይቈጠራልና፣ «ሳን» የሚለው የማክበሪያ ቃል ከስሙ ላይ ይነሣል፤ ግሡም ዝቅ ይላል። የእኛን ሥርዓት ይዞ የሚናገር ሰው አለቃውን ያከበረ እየመሰለው ለእንግዳው የሚገባውን አክብሮት ያጎድላል። ስሕተቱ ከድንቍርና የመጣ አይደለም፤ በከፊል ከማወቅ የመጣ ነው። በፍጹም የማያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ በከፊል የሚያውቅ ሰው ግን ሳይጠይቅ ያልፋል።

ይህንኑ የሚያጠናክር ምርመራ በአሜሪካ ተደርጎአል። ክሩገርና ደኒንግ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1999 ተማሪዎችን በሎጂክና በእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ ቀልድንም በመለየት ፈትነው፣ ከጓደኞቻችሁ ስንቱን የምትበልጡ ይመስላችኋል ብለው ጠየቋቸው። ዝቅተኛ ውጤት ያገኙት አራተኛ እጅ ተማሪዎች በአማካይ ከመቶው የሚበልጡት 12ቱን ብቻ ሆኖ ሳለ፣ 62ቱን የሚበልጡ መስሏቸው ተገኙ። ከፍተኛ ውጤት ያገኙት ደግሞ ራሳቸውን ከልካቸው ዝቅ አድርገው ገመቱ። ከዚህ ልዩነት ከፊሉ ከስሌቱ ጠባይ የመጣ ነው የሚሉ ሊቃውንት በኋላ ተነሥተዋል። ቢሆንም ሰው ስለ ራሱ የሚገምተውና በተግባር የሚገኘው ነገር ብዙ ጊዜ እንደሚለያይ የሚክድ የለም።

አሁን ወደ ግብረ ገቡ ጥያቄ እንመለስ። ሰው የራሱን ልክ አለማወቁ ኀጢአት ነውን? በእኛ አስተያየት አለማወቁ ብቻውን ኀጢአት አይደለም። ነገር ግን የዕውቀት ልክ የግል ጉዳይ ሆኖ አይቀርም። ለሥራ የሚያመለክት ሰው በሚሞላው ቅጽ ላይ «የቋንቋ ችሎታ» የሚል ሠንጠረዥ አለ፤ መናገር፣ ማንበብ፣ መጻፍ፤ እጅግ ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ። በዚያች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ምልክት የሚያደርገው ባለጉዳዩ ራሱ ነው። ምልክቷ ከተደረገች በኋላ ግን የሌሎች ሰዎች መመኪያ ትሆናለች። አስተርጓሚ የሚመርጠው ሹም፣ ውል የሚዋዋለው ነጋዴ፣ በሐኪም ፊት የቆመው ሕመምተኛ፣ ሁሉም በዚያች ምልክት ላይ ይደገፋሉ።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሚሆን ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በጃፓንኛ «ኩሱሪ ኦ ኖማናኬሬባ ናራናይ» ማለት መድኃኒቱን መውሰድ ግዴታ ነው ማለት ነው። «ኩሱሪ ኦ ኖማናኩቴ ሞ ኢይ» ማለት ደግሞ መድኃኒቱን ባይወስዱም ግድ የለም ማለት ነው። ሁለቱም «ኖማና» ብለው ይጀምራሉ፤ በሁለቱም ውስጥ የአሉታ ድምፅ አለ። የመጀመሪያዎቹን ቀለሞች ሰምቶ የቀረውን በግምት የሚሞላ አስተርጓሚ ለሕመምተኛው የሐኪሙን ትእዛዝ ገልብጦ ሊነግረው ይችላል። ይህ ሰው በክፍል ውስጥ ተማሪ ሳለ አንድ ነጥብ ያስቀንስበት የነበረው ስሕተት አሁን የሰው ጤና ያስከፍላል። ስለዚህ ራስን መመዘን የትሕትና ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለሌላው ሰው የምንከፍለው ዕዳ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች፣ እንግዲያውስ ሁልጊዜ ራስን ዝቅ ማድረግ ይሻላል ይሉ ይሆናል። ጃፓኖችም ጃፓንኛህ ጎበዝ ነው ተብሎ የተመሰገነ ሰው «ማዳ ማዳ ዴስ»፣ ማለት «ገና ነኝ» ብሎ እንዲመልስ ያስተምራሉ። ይህ ለጨዋታና ለእንግድነት መልካም ሥርዓት ነው። ነገር ግን በሥራ ጊዜ እየቻለ አልችልም የሚል ሰው፣ ሳይችል እችላለሁ ከሚለው እምብዛም አይሻልም። አንደኛው ያልያዘውን ገንዘብ የሚከፍል ነው፤ ሁለተኛው የያዘውን ገንዘብ ደብቆ የሚለምን ነው። ሁለቱም የሐሰት መስፈሪያ ይዘዋል።

ይህ አሳብ ረቂቅ እንዳይሆንብን ከጃፓን ታሪክ አንድ ትልቅ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1771 ሱጊታ ጌንፓኩና ማኤኖ ርዮታኩ የተባሉ ሐኪሞች በኤዶ፣ በዛሬይቱ ቶክዮ፣ የአንድ በሞት የተቀጣ ሰው አስከሬን ሲከፈት ተመለከቱ። በእጃቸው የነበረውን የሆላንድኛ የአካል ጥናት መጽሐፍ ሥዕል ከሚያዩት ጋር ቢያስተያዩት ፍጹም ልክ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ መጽሐፉን ወደ አገራቸው ቋንቋ ለመመለስ ወሰኑ። ጌንፓኩ በዚያ ጊዜ የሆላንድን ፊደል እንኳ በቅጡ አያውቅም ነበር፤ ከሁሉ የተሻለው ርዮታኩም ያወቀው ጥቂት ቃላት ነበር። የሚረዳቸው በቂ መዝገበ ቃላት ስላልነበረ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቀኑን ሙሉ ሲደክሙ ይውሉ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1774 «ካይታይ ሺንሾ» ተብሎ ታተመ፤ ለጃፓን ሕክምናም አዲስ ዘመን ከፈተ።

ነገር ግን በዚያ መጽሐፍ ላይ የርዮታኩ ስም ከተርጓሚዎቹ ጋር የለም። ሆላንድኛውን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ትርጕሙ ገና ፍጹም አይደለም ብሎ ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም ይባላል። እንግዲህ ከሁለቱ ልኩን ያወቀው ማን ነው? ጉድለቱን አይቶ ስሙን የከለከለው ነውን? ወይስ ጉድለቱን እያወቀ ለታመሙት ሰዎች ሲል ያሳተመው?

በእኛ በኩል ለሁለቱም ክብር እንሰጣለን። ርዮታኩ ለሚዛኑ ታማኝ ሆነ፤ ጌንፓኩ ለችግረኛው ታማኝ ሆነ። ጌንፓኩን ከደፋር አታላይ የሚለየውም ልኩን አለመደበቁ ነው። ዕድሜው ከ80 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1815 በጻፈው ትዝታ፣ ሲጀምሩ ምን ያህል ጥቂት ያውቁ እንደ ነበረ ሳያፍር ገልጦአል። ትርጕሙን እንዲያርም ለደቀ መዝሙሩ ለኦትሱኪ ጌንታኩ አደራ ሰጥቶትም ነበር፤ የታረመውም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1826 ወጣ። ከዚህ የምንማረው፣ ዕውቀቱ እስኪሞላ ድረስ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው ለማንም እንደማይጠቅም ነው፤ ባልሞላ ዕውቀት የሚሠራ ሰውም የጎደለውን በግልጽ መናገርና ለእርማት በሩን መክፈት ግዴታው ነው።

ታዲያ ሰው ጉድለቱን እንዴት አድርጎ ያየዋል? የኖህ ቴአትር ታላቅ መምህር የነበረው ዜአሚ እ.ኤ.አ. በ1424 በጻፈው መጽሐፍ፣ ተዋናይ በገዛ ዓይኑ ፊቱንና ጎኑን እንጂ ጀርባውን ስለማያይ፣ ራሱን በተመልካቹ ዓይን ማየትን መልመድ እንዳለበት አስተምሯል። ይህ ትምህርት ለቋንቋ ተማሪም የተገባ ነው። ጀርባችንን የሚያይልን ሌላ ሰው ነው። ሰው ብቻውን ራሱን ሊመዝን አይችልም፤ ነገር ግን ወደ ሚዛኑ መሄድ ወይም ከሚዛኑ መሸሽ በእጁ ነው። የሚጠየቅበትም በዚህ ነው። አለማወቅ ይቅርታ አለው፤ ለመመዘን እንቢ ማለት ግን ይቅርታ የለውም።

ስለዚህ የጃፓንኛም ሆነ የሌላ ቋንቋ ተማሪ ሦስት ነገር ልማድ ቢያደርግ ይጠቀማል እንላለን። አንደኛ፣ ደረጃውን በቅጽል ሳይሆን በሥራ ይናገር። «ጃፓንኛ ጥሩ አድርጌ አውቃለሁ» ከማለት ይልቅ፣ «አጭር ደብዳቤ አነብባለሁ፤ መዝገበ ቃላት ይዤ መልስ እጽፋለሁ፤ በስልክ ግን መደራደር አልችልም» ቢል ለሰሚው ይጠቅመዋል፤ ለራሱም እውነቱን ያሳየዋል። የጃፓን ፋውንዴሽንም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የትምህርት መመዘኛ ችሎታን የከፋፈለው ተማሪው በቋንቋው ሊሠራ በሚችለው ነገር ነው።

ሁለተኛ፣ ማወቅን ከመለየት ይለይ። አንድን የሰዋስው ቅርጽ በመጽሐፍ ሲያገኙት መረዳት አንድ እርከን ነው፤ አስቦ መጻፍ ሁለተኛው ነው፤ ሰው ፊት ቆሞ ሳይዘገዩ መናገር፣ ሲሳሳቱም ወዲያው ማረም ሦስተኛው ነው። ዓይን ያወቀውን ምላስ ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ተማሪው በዚያ ቅርጽ ጥቂት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ቋንቋው አፍ መፍቻው ለሆነ ሰው ያሳይ፤ እርማቱንም ይቀበል፤ ከጥቂት ቀን በኋላም እርማቱን ሳያይ እንደገና ይጻፈው። ያን ጊዜ ምን ያህሉ እንደ ቀረለት ማንም ሳይነግረው ያያል።

ሦስተኛ፣ ለምስክርነቱ ቀን ይስጠው። ከአሥር ዓመት በፊት የተገኘ የምስክር ወረቀት ከአሥር ዓመት በፊት የነበረውን ሰው ይመሰክራል። ያልተነገረ ቋንቋ እንደ ተዘጋ ቤት አቧራ ይለብሳል። ቅጹን ዛሬ የሚሞላ ሰው የዛሬውን ዕውቀቱን ይጻፍ።

በጁዶ ትምህርት ቤት ጥቁር መቀነት የሚታጠቅ ሰው የሚሰጠው ማዕረግ «ሾዳን» ይባላል፤ ትርጕሙም መጀመሪያ ደረጃ ማለት ነው። ተመልካቹ ጨረሰ ሲለው ትምህርት ቤቱ ጀመረ ይለዋል። ለእኛም ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለመንግሥት ሠራተኞች ይህ ስም መልካም ማስታወሻ ይሆነናል። የምስክር ወረቀታችን የደረስንበትን እርከን ይንገርልን እንጂ የመሰላሉን መጨረሻ እንደ ደረስን አያስመስልብን። በእያንዳንዱ ሥራችን ፊት «ይህን በእርግጥ አውቃለሁን? ባላውቀውስ የሚጎዳው ማን ነው?» ብለን ብንጠይቅ፣ የምናፍርበት ነገር ያንሳል፤ በእኛም ቃል የተደገፈ ሰው አይወድቅም።